ነጩ ጉሬዛ

በሙደሲር ይማም እጅ ከአራት ሺህ በላይ ጉሬዛ አልፏል። በሕይወት ያለ ግን አንድም አይቶ አያውቅም ነበር።

ሥራው ቆዳ መስፋት ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ከወሎ መጥቶ አጎቱ ቤት አረፈና፣ በሳምንቱ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር ከነበረ አንድ ወርክሾፕ ገባ። ባለቤቱ ጋሽ አጽብሐ ይባሉ ነበር። የጉሬዛ ምንጣፍ ያሠራሉ። ምንጣፉን አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ፈረንጅ ነው፤ አንዳንዱም የሹማምንት ሳሎን ይገባል።

ቆዳው ከጅማ፣ ከኢሉባቦር፣ ከአርሲ በጨው ታሽቶ፣ በገመድ ታስሮ ይመጣል። ፊት የለውም። እጅና እግርም የለውም። አዳኙ እዚያው ቆርጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሙደሲር ጉሬዛን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ቆዳውን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ሲዳብሰው ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ ነብር ሞክሮት ያመለጠ ይሁን፣ ጥይቱ በየት እንደገባ ይናገራል። ከሁለቱ ጎን የሚወርደውን ረጅም ነጭ ጠጉር ካባ ይሉታል። ካባው በጥንቃቄ ይወጣል። ሆዱ ግን ጠጉሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ተቆርጦ ይጣላል። ዘጠኝ ጉሬዛ አንድ ምንጣፍ ይሆናል።

መሃሉ ላይ ሙሽራ ትገባለች።

ሙሽራ የሚሏት ትንሽ ነጭ ቆዳ ናት። ርዝመቷ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ቢሆን ነው። አንድ ጥቁር ጠጉር የለባትም። እጅ ሲያርፍባት ያረፈ አይመስልም። ሁልጊዜ የምትመጣው በአንድ ትልቅ ጥቁር ቆዳ ውስጥ ተጠቅልላ ነው። ነጋዴዎቹ እንዳትቆሽሽ ነው ይላሉ። ሙደሲር መጀመሪያ ሙሽራ የሰፋ ቀን ዕድሜው አሥራ ስድስት ነበር። መርፌውን አቁሞ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ይኼ የምን ቆዳ ነው?»

«ነጩ ጉሬዛ ነዋ።»

«ነጭ ጉሬዛ አለ እንዴ?»

«ዘሩ ሌላ ነው። ከደኑ ከላይ ከላይ ነው የሚኖረው። በተፈጥሮው ትንሽ ነው። አይወርድም፣ ሰውም አያየውም።»

«እርስዎ አይተውታል?»

«እኔ አዳኝ ነኝ? ስፋ።»

ጋሽ አጽብሐ አልዋሹትም። የነገሯቸውን ነገሩት። ፒያሳ ውስጥ ቆዳ የሚሰፋው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያምነው። ደን የገባ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።

አንዳንዴ ከእሽጉ ውስጥ ነጭም ጥቁርም ያልሆነ፣ አመድማ ቆዳ ይወጣ ነበር። ጋሽ አጽብሐ «በሽታ የነካው» ብለው ለነጋዴው ይመልሱታል። ነጋዴው ለአዳኙ ይመልሳል። ኋላ ኋላ አዳኞቹ ማምጣቱን ተዉት።

ሙደሲር አሥር ዓመት ሰፋ። የሚሰፋው ጥቁሩን ነው፤ የሚያስበው ግን ነጩን ነበር። ጉም በሸፈነው ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ ነጭ፣ ትንሽ፣ ማንም የማያየው ነገር። ወርክሾፑ ጠባብ ነው፤ ሽታው ያንቃል፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ሐሳቡ ከዚያ መውጫ በር ሆነለት። አንድ ቀን ሄጄ አየዋለሁ አለ። ሳይሄድ ዓመት ዓመትን ተካ።

የዱር እንስሳ ቆዳ ንግድ ሲከለከል ጋሽ አጽብሐ የተረፈውን ለሠራተኞቻቸው አከፋፈሉ። ሌሎቹ ትልልቁን ተሻሙ። ሙደሲር አንዲት ሙሽራ ወሰደ።

«ምን ልታደርግባት ነው? ኮፍያ እንኳ አይወጣትም» አሉት።

ምን እንደሚያደርግባት እሱም አያውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ሚስቱ ረይሀና ሴት ልጅ ወለደች። ነሲባ አሏት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሙደሲር ሙሽራዋን ከሣጥን አወጣና አራስ ልጁን አስተኛባት። ልክክ አለች፤ ከአናቷ እስከ ተረከዟ።

«የዝንጀሮ ቆዳ ላይ ልጄን?» ብላ ረይሀና ልጅቷን ላፍ አደረገቻት።

ሙደሲር ሳቀ። «ለእሷ ለክተው የሠሯት እኮ ነው የምትመስለው!»

ይህን ቀልድ ለአርባ ዓመት ሲደጋግመው ኖሯል። ነሲባ በቃሏ ታውቀዋለች።

አሁን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ረይሀና ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ጋሽ አጽብሐ ሠላሳ አለፋቸው። ወርክሾፑ የነበረበት ሕንፃ ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ሙደሲር ከቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የቦርሳ ዚፕ ይቀይራል፣ የጃኬት ክንድ ይጠግናል። ደንበኛው ቆሞ ሲጠብቅ ከየት አገር እንደመጣ ይጠይቀዋል። ከጅማ ወይ ከመቱ ካለ ሁለተኛው ጥያቄ አይቀሬ ነው።

«ነጭ ጉሬዛ አይተህ ታውቃለህ?»

አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ አያቴ አይተዋል ይባላል ይላል። አንድ የጎሬ ሹፌር ግን «ጋሼ፣ እኔ ጥቁሩንም ካየሁ ቆየሁ» አለው። «የነበረበት ዛፍ የለማ።»

የጎረቤቱ የስልክ ጠጋኝ ካሊድ ይባላል። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ አፉ ግን ዕድሜውን አልሰማም። ለሙደሲር «ጋሽ ነጩ» የሚል ስም አውጥቶለታል።

«ጋሽ ነጩ፣ ዛሬስ ተገኘ?»

«ስልኬ የማያውቀው ነገር የለም ትል የለም? እስቲ ፈልገው።»

ካሊድ ጻፈና ትንሽ ጠበቀ። «ነጭ አባዱላ ሚኒባስ አመጣልኝ። ከነታርጋው። ይሆንዎታል?»

«ቀልደኛ።»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ጋሼ? ሰፍታችሁ ሰፍታችሁ ጨርሳችሁታላ!»

ብሎ ሳቀ። ከዚያ የሙደሲርን ፊት አየና ሻይ ሊያዝ ወጣ።

የሙደሲር ቀኝ ዓይን ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል። ግላኮማ ነው። ግራው ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ሄዷል። መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል፤ ከጎኑ የሚመጣውን ሚኒባስ ግን አያይም። ኅዳር ላይ ነሲባ ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች።

«ጠብታው ያለውን ለማቆየት ነው» አለ ሐኪሙ። «የሄደው አይመለስም።»

«ያለው እስከ መቼ ይቆያል?»

«ዓመት ሊቆይ ይችላል። ላይቆይም ይችላል።»

ሲመለሱ ነሲባ ክንዱን ይዛዋለች። ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ ነገር ማድበስበስ አይሆንላትም።

«አባዬ፣ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ አሁን ንገረኝ። ወሎ እንሂድ? እህትህ ዘንድ?»

«ነጩን ጉሬዛ።»

«በአላህ፣ አባዬ!»

«ቀልድ አይደለም።»

«የት አለና?»

«የት እንዳለ ባውቅ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው እጠይቅ ነበር?»

ነሲባ ምኒልክ አደባባይ እስኪደርሱ ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሐዊ የምትባል ሠላሳ ያልሞላት ሴት ማንገቻው የተበጠሰ የጀርባ ቦርሳ ይዛ ገባች። ጫማዋ ጭቃ ነው። ቦርሳው ላይ ቅጠል ተጣብቋል።

«ገበሬ ነሽ?» አላት።

«ቆጣሪ ነኝ» ብላ ሳቀች። «መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ጉሬዛ እቆጥራለሁ።»

ወስፌው ቆመ።

«ጉሬዛ ይቆጠራል?»

«ካልተቆጠረ ማነሱ በምን ይታወቃል?»

«እያነሰ ነው?»

«ገና አልጠፋም። ደኑ ባለበት አለ። ደኑ ግን ተቆራረሰ፣ ጋሼ። አንድ ቤተሰብ እዚህ ጫፍ፣ አንዱ እዚያ ማዶ፤ መሃሉ እርሻ ነው። ጉሬዛ ኑሮው ዛፍ ላይ ነው። ዛፉ ሲያልቅበት መሬት ወርዶ ይሻገራል። ሲሻገር ውሻ ይይዘዋል፣ መኪና ይገጨዋል። በዚያ ላይ ድሮ ለቆዳው ያለቀው ገና አልተካም። ቶሎ ቶሎ አይወልድማ። በሁለት ዓመት አንድ ቢሆን ነው።»

ሙደሲር ስለ ቆዳው አልተነፈሰም። ክሩን ሰም ቀባ። እጁ ሥራ ሲይዝ ድምፁ ይረጋል።

«ነጭስ?»

«ነጭ?»

«ሙሉ ነጩ። ትንሹ።»

«አሁን ሁለት አሉ» አለች፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

«ሁለት ብቻ?»

«ሁለት ብቻ። አምና በዚህ ጊዜ አምስት ነበሩ።» ፊቱን አየችውና ቀጠለች። «ማየት ከፈለጉ እወስድዎታለሁ። ግን ቶሎ ነው። ጊዜያቸው አጭር ነው።»

«የእኔም» አለ ሙደሲር።

የማንገቻውን ዋጋ አልቀበልም አላት።

በጥር ሁለተኛው ቅዳሜ በሐዊ ፒካፕ ሄዱ። እሱ ፊት፣ ነሲባ ከኋላ። የጃኬቱ የውስጥ ኪስ አበጥ ብሏል። ሙሽራዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟታል። ሊያስተያይ ነው፤ የእሷ ነጭና የዚያኛው ነጭ አንድ መሆኑን።

ደኑ ሲገቡ ጠዋት ሦስት ሰዓት አልሆነም። ሐዊ ከፊት፣ ነሲባ ከጎኑ ሆነው ሥር እንዳያደናቅፈው እየነገሩት ጥቂት ወጡ። አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ሐዊ አስቆመቻቸው። የሩቅ ማያ መነጽሯን ግራ ዓይኑ ላይ አስጠጋችለት፤ ትከሻውን ይዛ በቀስታ አዞረችው።

መጀመሪያ ያየው ካባ ነው። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ታች የተለቀቀ። ሳያስበው ገመተው፤ አንደኛ ደረጃ፣ ከግራ በኩል ቢገባ ያምራል አለ በልቡ። አፈረ። ከዚያ ካባው ዞረና ፊት ሆነ። ፊት አይቶ አያውቅም። ጥቁር ነው፣ ዙሪያውን ነጭ ጺም ያለው፤ ሱቁ ውስጥ ተራውን የሚጠብቅ ሽማግሌ ይመስላል። ቀጥ ብሎ አየው። ከዚያ ንቆት ቅጠሉን መብላት ቀጠለ።

«ነጩስ?» አለ ሙደሲር። መነጽሩን ወዲያ ወዲህ አዞረ። «ነጩስ?»

«ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። ግንዱ ጋ የተቀመጠችውን አዩ? እቅፏን ይዩ።»

ዝቅ አደረገ። ጥቁር ክንድ አየ። ክንዱ ተነሣ። ከሥሩ ነጭ ነገር ነበር።

ያው ነጭ ነው። ማስተያየት አላስፈለገውም። ትንሽ ፊት ነበረው፣ ቀላ ያለ። አፉ እናቱ ደረት ላይ ተጣብቋል። በአንድ እጁ የሆዷን ጠጉር ጨብጧል፤ ያንን ሳሳ ያለውን፣ ተቆርጦ የሚጣለውን።

«ሦስተኛ ሳምንቱ ነው» አለች ሐዊ በሹክሹክታ።

«የምን ሦስተኛ ሳምንት?»

«ከተወለደ።»

ሙደሲር መነጽሩን አላወረደም።

«ሲያድግስ?»

«ይጠቁራላ። መጀመሪያ አመድማ ይሆናል። በሦስት በአራት ወሩ እናቱን ይመስላል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ጋሼ። ነጭ ሆኖ የማይወለድ ጉሬዛ የለም።» ዞር ብላ አየችው። «አያውቁም ነበር እንዴ?»

«አባዬ፣ ታየህ?» አለች ነሲባ። «ደስ አለህ?»

ሙደሲር መነጽሩን አወረደ። አውራ ጣቱ የጃኬቱን ኪስ በላዩ ይዳብሳል። ሌላ ዘር አልነበረም። ከላይ ከላይ የሚኖር ነገር አልነበረም። በትልቅ ቆዳ ተጠቅልላ የምትመጣው እንዳትቆሽሽ አልነበረም፤ አዳኙ ያገኛቸው እንደዚያ፣ አንድ ላይ ነው። የጠቀለላትን ቆዳ ሆድ ሙደሲር በገዛ ቢላው ቆርጦ ቅርጫት ውስጥ ይጥል ነበር። ጡቶቹን አይቷቸዋል። በጣቱ ነክቷቸዋል። ሴት ናት ብሎ አልፏል። ሃምሳ ዓመት የናፈቀው ነገር በየሳምንቱ በእጁ ሲገባ ነበር።

እናቲቱ ተነሣች። ልጇ ከሆዷ እንደተጣበቀ ወደ ሌላው ዛፍ ዘለለች። ጠባቧ ዓይኑ ልትከተላት ሞከረች። አልደረሰባትም።

የመልሱ መንገድ ግማሽ ላይ ጨርቁን አውጥቶ ፈታው።

«መኪናውን አቁሚ» አላት።

ሐዊ ዳር ያዘች። ቆዳዋን አየች። እጇን ከመሪው አላነሣችም።

ሁሉንም ነገራት። ስለ ጋሽ አጽብሐ፣ ስለ ምንጣፉ መሃል፣ ስለ አመድማው። ረጅም ታሪክ አልነበረም። ሲጨርስ ከኋላ ነሲባ ተናገረች።

«እኔ የተኛሁባት ናት?»

«አዎ።»

ነሲባ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሐዊ ማስታወሻዋን አወጣች። «ስንት ይሆናሉ? በግምት።»

«ለአንድ ምንጣፍ አንድ። በወር አራት ምንጣፍ። አሥር ዓመት።»

«አምስት መቶ ገደማ።»

«ይኼ የኛ ወርክሾፕ ብቻ ነው።» ማስታወሻዋን በጣቱ ነካ። «ደግሞ ሁልጊዜ ከእናቷ ጋር ነው የመጣችው። ስትጽፊ እሷን እንዳትረሺ።»

ሐዊ ጻፈች። ከዚያ፣ «ይቺን እርስዎ ዘንድ ማስቀመጥ አይፈቀድም፣ ጋሼ» አለችው።

«አይፈቀድማ።»

ጨርቁን መልሶ ጠቀለለና ሰጣት። ጃኬቱ ሰፋው።

ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ሲወርድ በሩን ይዞ ቆመ።

«አመድማ ሲሆን ጥሪኝ።»

«ያኔ እኮ ብዙም አያምርም፣ ጋሼ። ጠጉሩ ዝብርቅርቅ ይላል።»

«አውቃለሁ። ማንም አይገዛውም ነበር።»

ሰኞ ካሊድ የሱቁን መዝጊያ እያነሣ ጮኸ። «ጋሽ ነጩ! ተገኘ አሉ!»

«ተገኘ።»

«ይንገሩኛ! ምን ይመስላል?»

«ልጅ ነው።»

«ልጅ ነው ማለት?»

«የጉሬዛ ልጅ ነው፣ ካሊድ። ሌላ ነገር አይደለም። ሁሉም ሲወለድ ነጭ ነው።»

ካሊድ ሊቀልድ አፉን ከፈተ። ከዚያ አንድ ቀን የሰማው ቀልድ፣ ምንጣፉ፣ ነሲባና ሙሽራዋ፣ ትዝ አለው መሰል፣ አፉን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ስም አልጠራውም።

ሙደሲር መጠበቅ ጀመረ። ጠብታውን ጠዋትና ማታ ያደርጋል፤ አንድ ቀን አላሳለፈም። ከሱቁ ትይዩ «ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ» የሚል ሰሌዳ አለ። ጥር ላይ ከወንበሩ ሆኖ ቀና ሲል ሙሉውን በአንዴ ያነበው ነበር። የካቲት ላይ «ሥራ» ጠፋች። መጋቢት ሲገባ ከ«ፎቶ ኮፒና» ለመሻገር አንገቱን ማዞር አስፈለገው። ለነሲባ አልነገራትም። እሷም ቆማ ሰሌዳውን ስታይ ሁለት ጊዜ ይዟታል።

ከጅማ የመጣ ደንበኛ ሲገባ አሁን አይጠይቅም። ዚፑን ይቀይራል። አንዳንዴ እጁ በልማድ ወደ ጃኬቱ ኪስ ይሄድና ባዶውን ይመለሳል።

መጋቢት አሥራ ሰባት፣ ከቀትር በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሐዊ ነኝ። አመድማ ሆኗል።»

«ሁለቱም?»

«አንዱ። የሌላኛዋ እናት ብቻዋን ነው የምትዞረው። ሦስት ሳምንት ፈለግሁት።»

ሙደሲር ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ። «ፎቶ» ይላል።

«ቅዳሜ ልምጣልዎ?»

«ቅዳሜ ሩቅ ነው» አለ። «ነገ ጠዋት።»

ወስፌውን ሰካ፣ ሰሙን በወረቀት ጠቀለለ፣ ጃኬቱን ለበሰ። ለነሲባ ሊደውል ስልኩን ያዘ። ካሊድ መጥቶ ከባዱን መዝጊያ አወረደለት።

«በዚህ ሰዓት መዝጋት ምንድነው፣ ጋሼ? ደህና ነዎት?»

«ሐዊ ደወለች። ከሁለቱ አንዱ ቀርቷል አለች።»

«አይዞዎት።»

«አይ፣ አልገባህም» አለ ሙደሲር። የተዘጋውን መዝጊያ በመዳፉ እየዳበሰ ቁልፉን ፈለገ። «አንዱ አድጓል።»